አባባ ተርማዩ ላይ ሲነሡ

ትናንት ገበያው ዳር አንድ ሎሪ ቁልቁለቱን በኃይል ወርዶ ገታ ሲል ከጎማው ሥር የጋለ ብረት ሽታ ተነሣ። ሰሊጥ የሚጭኑት ሰዎች አፍንጫቸውን ያዙ። እኔ ግን ቆሜ ወደ ውስጥ ሳብሁት። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «ምን ነካት ይቺ ልጅ፤ እንደ ሽቶ እኮ ነው የምታሸተው!» ብላ ሣቀችብኝ። ትሣቅ። እሷ ተርማይ ላይ ወጥታ አታውቅም።

እኔ ግን ወጥቻለሁ! ካርቱም በሚባለው ትልቅ ከተማ አንድ ክረምት ሙሉ በተርማይ ተመላልሻለሁ። ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ተርማይ የባቡር ታናሽ ወንድም ነው። እንደ ታላቁ አገር አያቋርጥም፣ ጭስም አይተፋም። በከተማው መካከል በተዘረጋ ሐዲድ ላይ ከሰፈር ሰፈር እየዞረ አንዱን ያወርዳል፣ ሌላውን ያሳፍራል። ሊቆም ሲል ያ የጋለ ብረት ሽታ ይመጣል። ሽታው ሲመጣ ደግሞ አባባ ከመቀመጫቸው ይነሣሉ። ልነግራችሁ የፈለግሁት የእሳቸውን መነሣት ነው።

ያኔ ዐሥር ዓመት ቢሆነኝ ነው። ጣሊያን መተማ ከገባ ዓመት አልፎት ነበር። አባቴ ከአርበኞቹ ጋር ወደ አርማጭሆ በረሃ ገብቷል። እናቴ ታናሽ ወንድሜን አዝላ ማሽላ ለመዝራት ዝናብ ትጠብቃለች። አባባ ዘለቀ የእናቴ አባት ናቸው፤ ከእኛ ጋር ነበር የሚኖሩት። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመተማ ኬላ በር ላይ ቆመው ነጋዴ ሲያሳልፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሱዳን የመጣው ባለ ግመል፣ ከጎንደር የወረደው ባለ በቅሎ፣ ሁሉም በእሳቸው ሰላምታ ነው ያለፈው። በኋላ ግን ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። ግራው ጨርሶ ጠፋ፤ ቀኙ ፀሐይና ጥላ ብቻ ይለያል።

የእኔ ሥራ እሳቸውን መምራት ሆነ። የዱላቸውን ጫፍ ይዤ ከፊት እሄዳለሁ፤ እየሄድሁ ያየሁትን እነግራቸዋለሁ።

«ምን አለ?» ይሉኛል።

«ፍየል አለች።»

«ምን ዓይነት ፍየል?»

«ቀይ።»

«ቀይ ፍየል ስንቷ አለች! ምን እያደረገች ነው?»

«የሰው አጥር እየበላች። ባለቤቷ ደግሞ አይቶ እንዳላየ ሆኗል።»

«እህ! አሁን ገና አየኋት» ይላሉ።

በመንገዳችን ሁሉ እንዲህ ነበርን።

አንድ ቀን ሐጂ ኢድሪስ መጡ። ሐጂ የአባባ የኬላ ዘመን ወዳጅ ናቸው፤ ቤታቸውና ሱቃቸው አምዱርማን ነው። አምዱርማን ከካርቱም ማዶ፣ ከነጭ ዓባይ ወዲያ ያለው ከተማ ነው። አባባን ትክ ብለው አይተው፣ «ዘለቀ፣ ካርቱም ሐኪም ቤት ሞራ የሚገፍ እንግሊዝ አለ» አሉ። «እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ቀስ አድርጎ ነው የሚያነሣው። ግን ክረምቱ ሳይገባ ነው። ሰውየው ሙቀቱን ሸሽቶ አገሩ ይሄዳል። ቀኙ ዓይንህ ደግሞ እስከ ከርሞ የሚቆይህ አይመስለኝም።»

«ዓይኔን እንግሊዝ ይንካው?» አሉ አባባ።

እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ይንካው እንጂ አባዬ! ጣሊያን አገሩን ሁሉ ነክቶት የለ፤ ለዓይንዎ ብቻ ነው የሚሳሱት?» አለች።

በዚሁ ተቆረጠ። ከሐጂ ጋር ወንዙን ተሻግረን ገላባት ገባን። ከገላባት እስከ ገዳሪፍ በሎሪ፣ የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ተጓዝን። ከገዳሪፍ ወዲያ በባቡር ነው። የሎሪው ነጂ ሰማይ ሰማዩን እያየ ይሮጥ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ያ ጥቁር አፈር ጎማውን ይውጠዋል፤ መንገዱም እስከ ኅዳር ይዘጋል።

አምዱርማን በገባን ማግሥት ሐጂ ዕቃ ሊያመጡ መደኒ ወደሚባል ከተማ መውረድ ነበረባቸው። ሚስታቸው ከግቢ አይወጡም። ስለዚህ ሐጂ መንገዱን ለእኔ ነገሩኝ። «ተርማዩ በራችን ላይ ያልፋል። ድልድዩን ትሻገራላችሁ። ብዙ ዛፍ ያለበት ሰፈር ትደርሳላችሁ። ከዚያ አልፎ፣ ዓይኑን በጨርቅ ያሰረ ሰው የተሰበሰበበት በር ስታዪ ውረዱ። አዲስ በሽተኛ የሚቀበሉት ጧት ብቻ ነው። ገባሽ?»

«ገብቶኛል» አልሁ። ለመሆኑ ተርማይ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም ነበር።

ጧት መጣ። አናቱ ላይ ረጅም ቀንድ አለው፤ ቀንዱ ከላይ ከተዘረጋ ሽቦ ጋር ተያይዟል። እንደ እኔ ሐሳብ ሽቦው ማሰሪያው ነው። ወይፈን እንዳይሸሽ እንደሚታሰረው፣ ይኼም ሰው ጭኖ እንዳይጠፋ በቀንዱ ታስሯል። ለአባባም እንደዚያው ነገርኋቸው።

«በቀንዱ ታስሮ ነው የሚሄደው?»

«አዎ አባባ። ሲናደድ ደግሞ ከቀንዱ እሳት ብልጭ ይላል።»

አባባ ጥቂት አሰቡና «እንግዲያው ከኋላው እንውጣ» አሉ።

ከኋላ ወጣን። ግድግዳ የለውም፤ ግራና ቀኙ ክፍት ነው፤ ሰው በእንጨት አግዳሚ ላይ ጉልበት ለጉልበት ገጥሞ ይቀመጣል። እንዲህ ተጠጋግተው ሳያቸው ሁሉም ዘመዳሞች መስለውኝ ነበር። ወደ ሠርግ የሚሄዱ። አባባ በዐረብኛ ሰላምታ ሰጡ፤ ሰዉ ሁሉ ተቀበላቸው፤ ቦታም ለቀቁልን። የሚያስከፍለው ሰውዬ ኩምሳሪ ይባላል፤ ቆዳ ቦርሳ አንግቶ ገመድ እየሳበ ደወል ይደውላል። አባባ ደወሉ በተሰማ ቁጥር ያማትባሉ። እኔም አብሬ አማተብሁ።

ተርማዩ ቆመ። ያ ሽታ መጣ። አንድ ሰው ተሳፈረ።

አባባ የእግሩን ኮቴ ሰምተው ብድግ አሉ። «ኖር!»

ሰውየው አልፏቸው ሄዶ ተቀመጠ። አባባ ግን እንደ ቆሙ ናቸው፤ ፊታቸውን ወደ ሰውየው አዙረው «በእግዜር» እስኪሏቸው ይጠብቃሉ። ማን ይበላቸው? ተርማዩ ሲነሣ ወደ ኋላ ወድቀው፣ ሐብሐብ የታቀፈ አንድ ወፍራም ሰው ጭን ላይ ቁጭ አሉ።

«ይቅርታ ወንድሜ» አሉት በዐረብኛ። «ሰው ገብቶ ነው።»

ወፍራሙ ሰውዬ ሐብሐቡን ዳበሰና «አልሐምዱሊላህ» አለ።

ተርማዩ እንደገና ቆመ። አንዲት ሴት ወጣች። አባባ ብድግ! «ኖር!» እንደገና ቆመ። ተማሪዎች ወጡ፤ ከእኔ የማይበልጡ። አባባ ብድግ! «ኖር!»

«አባባ፣ ልጆች እኮ ናቸው» አልሁ ጋቢያቸውን እየሳብሁ።

«አስተማሪያቸው አብሯቸው ቢኖርስ?»

ድልድዩን ተሻግረን ዛፉ ከበዛበት ሰፈር ስንደርስ ተርማዩ ዝግ አለ። አባባ ወራጅና ገቢ አይለዩምና አስቀድመው ብድግ አሉ። ይኼኔ ሐብሐብ የያዘው ሰውዬ ክንዳቸውን ደገፈና «ናዚል! ናዚል!» ብሎ ጮኸ። ወራጅ አለ ማለቱ ነው። ሰው ሁሉ ተቀበለው፤ «ናዚል! ዓይነ ስውር አባት አለ፣ አቁም!» ኩምሳሪው ደወለ። አንዱ ዱላቸውን፣ አንዱ ጋቢያቸውን፣ አንዱ እሳቸውን ይዞ፣ እንደ ጽላት በክብር መሬት ላይ አኖሯቸው። እኔም ዘልዬ ወረድሁ። ያን ያህል ሰው ካወረደን መቼም ደርሰን ይሆናል አልሁ።

ተርማዩ ሄደ። ዓይኑን የታሰረ ሰው የለም። ዓይኑ ያልታሰረም የለም። ረጅም አጥርና ዛፍ ብቻ።

«ምን አለ?» አሉ አባባ።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ከአጥሩ ውስጥ አንበሳ አገሳ።

አባባ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላቸው ወረወሩኝ። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። የመተማ ሰው ይኼን ድምፅ ያውቀዋል፤ አይሳሳትበትም። «አትሩጪ! ከሮጥሽ ይከተልሻል። የት ጋ ነው? ዛፍ አለ?»

«አባባ፣ ዛፍስ አለ፤ ግን አንበሳው...»

«ውጪ! እኔን ተይኝ!»

በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። አንበሳው ብረት ውስጥ ተኝቷል። ፊቱ አንዲት ነጭ ሕፃን ከሞግዚቷ ጋር ቆማ ብስኩት ትበላለች። «አባባ፣ ታስሯል። ሰው እየመጣ ያየዋል።»

«አንበሳ አስረው ያያሉ?»

«አዎ።»

ዱላቸውን ዝቅ አደረጉ። «ምን ይመስላል?» አሉ።

«የከሳ ነው። አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ይመስላል።»

«ምስኪን» አሉ።

ሐኪም ቤቱን በእግር እየጠየቅን ስንደርስ ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጥታለች። ዘበኛው «ነገ ጧት» ብሎ በሩን መለሰው።

በማግሥቱ ማልደን ወጣን። አባባ እንዳይነሡ ለምኛቸው «እሺ፣ እሞክራለሁ» ብለውኛል። ተርማዩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበርና እሳቸውን ከፊት አስቀመጧቸው፤ እኔ በሰው እግር መካከል ቀረሁ። ኩምሳሪው የትናንቱ ነው፤ አባባን ሲያይ ደስ አለውና ትከሻቸውን መታ መታ አደረገ። እኔም ደስ አለኝ። አወቀን ብዬ።

በእርግጥም አውቆናል። ዛፉ ከበዛበት ሰፈር ስንደርስ ማንም ሳይነግረው ደወለና «አቡይ፣ ደረስህ!» አላቸው፤ አቡይ አባቴ ማለት ነው። አባባ የከተማው ሰው ካለ እውነት ነው ብለው ተነሡ። እንደ ትናንቱ ከእጅ ወደ እጅ ወረዱ። እኔ በሰው እግር ሥር ሾልኬ «አይደለም! አይደለም!» ስል በአማርኛ ነበር። የእኔ ዐረብኛ የገበያ ዐረብኛ ነው፤ ጨው መግዛት ያውቃል፤ ተርማይ ማስቆም ግን አልተማረም። ሰዉ ሁሉ ደግ ነበር። የጎዳንም ያ ደግነታቸው ነው።

አንበሳው አገሳ።

«ደግሞ እዚሁ?» አሉ አባባ።

እኔ በሣቅና በልቅሶ መካከል ሆንሁ። እየሮጥን፣ ማለት እሳቸው መሮጥ እስከቻሉት እየሮጥን፣ ሐኪም ቤቱ ስንደርስ በሩ ሊዘጋ ሲል ነው። ዘበኛው ለአባባ በዐረብኛ ነገራቸው፤ አባባ ፊታቸው ተለወጠ።

«ምን አለ?» አልሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠያቂዋ እኔ ሆንሁ።

«ነገ የመጨረሻው ነው። ከነገ ወዲያ እንግሊዙ አዲስ ሰው አይቀበልም፤ የጀመራቸውን ጨርሶ አገሩ ይገባል።»

ከሰዓት በኋላ በሐጂ ግቢ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። በምሥራቅ በኩል፣ ወደ እኛ አገር፣ ደመና ተቆልሎ ነበር።

«አባባ፣ ነገ አይነሡም» አልሁ። «በማርያም። እዚህ አገር ለተርማይ ሰው አይነሡም። ማንም አይነሣም።»

አባባ ዱላቸውን መሬት ላይ እያሽከረከሩ፣ «አየሽ ልጄ» አሉ። «ዓይን ሲኖረኝ ለታላቅ እነሣለሁ፣ ለእኩያዬ ገፋ እላለሁ፣ ለልጅ እቀመጣለሁ። አሁን ማን እንደገባ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን የአባቴን እኩያ ተቀምጬ ከማሳልፍ፣ ለልጅም ብነሣ ይሻለኛል። ዓይኔ ጠፋ ብዬ ባለጌ ልሁን?»

አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ በጣም ብልኅ የሆንሁ መስሎኝ ነበር። «እንግዲያው ቆመን እንሂድ» አልሁ። «የቆመ ሰው ከየት ይነሣል?»

አባባ ሣቁ። «ይቺን እንኳ የኬላ ዳኛም አያገኛት!»

በሦስተኛው ቀን ጧት ሌላ ኩምሳሪ ነበር። አባባ ገና ሲወጡ «ሐኪም ቤት» ብለው ነገሩት፤ ራሱን ነቅንቆ እሺ አለና ገንዘብ ሊሰበስብ ወደ ፊት አለፈ። እኛ ከኋላ ብረቱን ይዘን ቆምን። ሰው ወጣ። አባባ እንደ ቆሙ «ኖር!» አሉ። አልወደቁም፤ ማንም አልጮኸም። ሐኪም ቤት ገባን ማለት ነው አልሁ።

ግን ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቆሞ ዝም የሚል ተርማይ የት አለ? አንድ ወጣት ተነሣላቸው። «አቡይ፣ ተቀመጥ።» አባባ እምቢ አሉ። ሌላው ተነሣ። እምቢ። አንዲት አሮጊት ተነሡና፣ እሳቸው ካልተቀመጡ እኔም አልቀመጥም አሉ። ሁሉም ተቆጣ። በትከሻቸው ጫን ጫን አድርገው አስቀመጧቸው። ድልድዩን አለፍን። ዛፎቹ መጡ። ያ ሽታ መጣ። ኮቴ ተሰማ፤ አባባ ብድግ አሉ።

«ኖር!»

«ናዚል!» አለ አንዱ። «ናዚል! ናዚል!» ሌሎቹ ተቀበሉት። ኩምሳሪው ከወዲያኛው ጫፍ እጁን ወደ ገመዱ ሰደደ፤ ጋቢያቸውን ሁለት ሰው ይዟል፤ እኔ በወገባቸው ተጠምጥሜ ወደ ታች እጎትታለሁ። ከአጥሩ ወዲያ አንበሳው ሲያጉረመርም እሰማለሁ።

«በእግዜር!»

የሴት ድምፅ ነው። ከበሩ ላይ።

«በእግዜር! በእግዜር ይቀመጡ አባቴ! አፈር ልሁን፣ ለእኔ አይነሡ!»

አባባ ቀጥ አሉ። ከዚያ ዝግ ብለው፣ ማንም ሳይጫናቸው፣ ተቀመጡ። ተርማይ ላይ በደንብ ሲቀመጡ ያን ቀን ገና አየሁ። ለካ ሦስት ቀን ሙሉ «ይቀመጡ» የሚላቸው አጥተው ነው!

ሴትዮዋ የታጠበ ልብስ በትልቅ ጨርቅ ቋጥራ ተሸክማለች። ስንዱ ትባላለች፤ አገሯ ቋራ፣ ከጣሊያን ሸሽታ የመጣች፣ የሰው ልብስ አጥባ የምታድር። ቋጠሮዋን እግሯ ሥር ጥላ ለሰዎቹ በዐረብኛ ትነግራቸው ጀመር፤ «ወራጅ አይደሉም! ለናንተ ክብር ነው የሚነሡት! ለናንተ ነው እኮ፣ ሰዎች!» እየተናገረች ዕንባዋ ይወርዳል፤ ደግሞ ትሥቃለች።

«እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አልኋት።

«ምን እሆናለሁ ልጄ። ከቤቴ ከወጣሁ ወዲህ ኖር ያለኝ ሰው የለማ።»

ቀጥሎ አንድ ወታደር ወጣ። አባባ ብድግ። «ኖር!» እትዬ ስንዱ ስለ ወታደሩ ሆና «በእግዜር!» አለች፤ አባባ ተቀመጡ። ቀጥሎ አንዲት ባለ እንቁላል። «ኖር!» አሁን እኔ ቀደምሁ፤ «በእግዜር!» አባባ ተቀመጡ። በሦስተኛው ላይ ያ ቅድም «ናዚል» ብሎ የጮኸው ሰው ራሱ «በግዜር!» አለ። ተርማዩ ሁሉ ሣቀ። ከዚያ በኋላ ሰው በወጣ ቁጥር አባባ «ኖር!» ሲሉ የአግዳሚው ሰው በሙሉ ባንድ አፍ «በግዜር!» ይላል። አዲስ የሚገባው ሰው ግራ ገብቶት በሩ ላይ ይቆማል። ያ አዲሱ ኩምሳሪ እንኳ ደወሉን እየሳበ «በግዜር፣ አቡይ፣ በግዜር» ይል ነበር። አባባ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። የኬላው በር የተመለሰላቸው መሰለኝ።

እትዬ ስንዱ የምትወርድበትን አለፈችው። «ልብሱ ይቆየኛል» አለች። ዓይኑን የታሰረ ሰው የተሰበሰበበት በር መጣ፤ በጊዜው ወረድን፤ ተሰልፈን ገባን።

ሐኪሙ ረጅም፣ ቀይ፣ ላብ ያጠመቀው ሰው ነበር። ጨለማ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ሻማ አበራና ከአባባ ፊት አንቀሳቀሰው። «የት ነው?» ይላል በእንግሊዝኛ፤ የእንግሊዞችን ልብስ ስታጥብ ቋንቋቸውን ጥቂት የለመደችው እትዬ ስንዱ በአማርኛ ትመልሰዋለች። በግራው ዓይን አባባ ዝም አሉ። በቀኙ ግን፣ «እዚህ» አሉ በጣታቸው። «አሁን እዚህ። አሁን ወደ ላይ ሄደ። አሁን ደበቀው።» ሐኪሙ ሣቀና አንድ ቃል ተናገረ። እትዬ ስንዱ እጄን ጨመቀችው። «ይሆናል አለ።»

አባባ ሐኪም ቤት ተኙ። ዓይናቸው ተሠርቶ ታሰረ፤ ራሳቸውን እንዳያነቃንቁ ግራና ቀኝ የአሸዋ ከረጢት ተደረገላቸው። ዝናቡም ገላባት ላይ ወርዶ መንገዱ ተዘጋብን። እኔ የሐጂ ሚስት የሠሩትን ምግብ በሳህን ቋጥሬ፣ ብቻዬን፣ በየቀኑ በተርማይ እመላለስ ጀመር። ተርማዩ የእኔ ሆነ! ሽቦው ማሰሪያ አለመሆኑን፣ ጉልበቱ በዚያ በኩል እንደሚመጣ የመጀመሪያው ኩምሳሪ አስረዳኝ። አሁንም ግን በደንብ አልገባኝም። በየት እንደሚታጠፍ፣ ጧት የትኛው አግዳሚ ጥላ እንደሚሆን፣ ማን የት እንደሚወርድ ዐወቅሁ። አንድ ቀን ኩምሳሪው ደወሉን እንድስብ ፈቀደልኝ። እጄ እስከ ማታ ይነዝረኝ ነበር።

አባባ አልጋቸው ላይ ሆነው ይጠይቁኛል። «ዛሬ ማን ነበር?» ባለ ሐብሐቡ ነበር፣ እላለሁ፤ ዛሬ የያዘው ዓሣ ነው። የተማሪዎቹ አስተማሪ ነበር፤ ልጆቹ ከኋላው በጠመኔ ጀርባው ላይ ጽፈውበታል። «እህ! አየሁት» ይላሉ በታሰረው ዓይናቸው።

ማሰሪያው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት ብርሃንና ጥላ ነው፤ ጭስ ውስጥ እንዳለ ሰው ታየሽኝ አሉኝ። ግን ቁስሉ ሲድን መነጽር ይሰጣቸዋል ተባለ። ክረምቱ እያለቀ ሲመጣ አንድ ሱዳናዊ ረዳት ሐኪም መነጽር በሣጥን ይዞ መጣ። አንዱን አስገባ፤ አወጣ፤ ሌላ አስገባ። እትዬ ስንዱና እኔ አልጋው ጫፍ ላይ ነበርን። እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረውን ሲያደርግላቸው ጣቱን ዘረጋና «ስንት ነው?» አላቸው።

አባባ ጣቱን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ስንትነቱን ተወውና ጥፍርህን ተቆረጥ፣ ልጄ» አሉ በአማርኛ።

እትዬ ስንዱ መተርጐም አቃታት። እየሣቀች ክፍሉን ለቅቃ ወጣች።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። በመነጽሩ ውስጥ ዓይናቸው እንደ በሬ ዓይን ትልቅ ሆኖ ነበር። ጉንጬን ዳበሱ፤ እጃቸውን አንሥተው ደግሞ በዓይናቸው አዩኝ። «ጥርስሽ ወልቆ ነበር እኮ» አሉ። «መቼ በቀለ?»

ወደ አምዱርማን የተመለስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ተርማዩ ግማሹ ባዶ ነበር። አባባ ከዳር፣ ምንም ከማይጋርዳቸው በኩል ተቀመጡ፤ እኔ ከአጠገባቸው። መንገዱን ከእሳቸው ይልቅ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ስለዚህ ልነግራቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ዛፎቹን አለፍን። ሐዲዱ ከፍ እያለ ሄደና ድልድዩ ላይ ወጣን። ከታች ውሃው ሰፍቶ፣ ጀልባዎቹ ሸራቸውን ዘርግተው፣ ወንዶች ከዳር ቆመው ልብስ ያጥቡ ነበር።

«አባባ፣ አሁን ድልድዩ ላይ ነን» አልሁ። «ውሃው ነጭ ይባላል እንጂ ነጭ አይደለም፤ ጀልባዎች አሉ፣ አንዱ ጀልባ ላይ ደግሞ...»

አባባ ከውሃው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አኖሩ።

«ዝም በይ እስቲ ልጄ» አሉ። «እያየሁ ነው።»

እስከ አምዱርማን ዝም አልሁ።